ማን ሰማው? ስለ ቢምቢ አባራሪው ዕቃ



እንደሚታወቀው በአሁኑ ጊዜ ወደ ኮላ ድባ ገበያ የወጣ ሰው ጤፍና ሽምብራ፣ በርበሬና ነጭ ሽንኩርት ብቻ ዓይቶ አይመለስም። ከእህሉ ተራ ወጣ ብሎ በሸራ ላይ የተዘረጋው ሸቀጥ ዓይን ይስባል፤ ቀን ፀሐይ ላይ ውሎ ማታ የሚበራ መብራት፣ ራዲዮም የእጅ ባትሪም የስልክ መሙያም የሆነ አንድ ሣጥን፣ የእጅ ማራገቢያ፣ ሽንኩርት መክተፊያ፣ ሲነኩት መልኩን የሚለዋውጥ አምፖል፣ የቴኒስ መጫወቻ መስሎ ቢምቢን በኤሌክትሪክ ጠብ የሚያደርግ መምቻ። ልጆች ከበው ይቆማሉ። ትልልቆቹም ቢሆኑ "ይኼ ደግሞ ምን ይሠራል?" ሳይሉ አያልፉም። እኛም አናልፍም፤ ለምን እንዋሻለን!

አንዳንድ ጓደኞቻችን ይህን ሁሉ ዕቃ በጅምላ "የፕላስቲክ ጉድ" እያሉ ያጣጥሉታል። በዚህ አንስማማም። ሰው ኑሮውን የሚያቀልለት ዕቃ ቢወድ ነውር የለበትም። በባዶ ጣሳ የተሠራ ኩራዝ ጭሱን እየለቀቀበት ፊደል የቆጠረ ሰው የፀሐይ መብራት ምን ያህል እንደሚጠቅም ሰባኪ አያስፈልገውም። የሸክላውን እንስራ ጀሪካን ሲተካው ብዙም ያዘነ እናት አላየንም፤ እንስራው ባዶውን እንኳ ሸክም ነበርና። በአገራችን የተሠራጨው "ምርት" የተባለው የእንጀራ ምድጃም ቢሆን ከሲሚንቶና ከአሸዋ የሚሠራ ተራ ነገር ነው፤ ነገር ግን በሦስት ጉልቻ ላይ ከሚነደው እንጨት እስከ ግማሽ ያህሉን ያድናል። አዲስ ነገር ሁሉ ማታለያ ቢሆን ኖሮ ዛሬም በኩራዝ ነበርን።

ልብ በሉ፤ እነዚህ ሁሉ ሥራቸው በዓይን ይታያል። መብራቱ ይበራል ወይም አይበራም። ምድጃው እንጀራውን ያወጣል ወይም ያሳርራል። ጀሪካኑ ቢያፈስ ቀሚስ ያርሳል። ባለቤቲቱ ዕቃውን የምትመረምረው ራሷ ናት፤ በማግስቱ ሻጩን ፈልጋ ልክ ልኩን ትነግረዋለች።

ብዕራችንን ያስነሳን ግን ከዚህ የተለየ አንድ ዕቃ ነው። የመዳፍ ግማሽ የሚያህል ነጭ ፕላስቲክ ነው። ሶኬት ላይ ይሰካል፤ ትንሽ ቀይ መብራት ያበራል፤ ሌላ ምንም አያደርግም። ካርቶኑ ላይ የተገለበጠች ቢምቢ ሥዕል አለ። ዋጋው እንደ ገዢው ፊት ይለያያል። ሻጩ እንዲህ ይላል፦ "እናቴ፣ ይችን ሰክተሽ ተኚ። ሰው የማይሰማው፣ ቢምቢ ግን የምትሸሸው ድምፅ ታወጣለች። አጎበር ምናምን ከእንግዲህ ተይው።"

የመጨረሻው ቃል ነው ያስደነገጠን። "አጎበር ተይው"!

ይህ ወሬ ወባ በሌለበት ደጋ ቢነገር ቀልድ ሆኖ ያልፍ ነበር። ደምቢያ ላይ ግን አያልፍም። (ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) በ1953 የደምቢያን ሜዳ የመታው ወባ ወደ 7,000 የሚጠጋ ሕይወት አጥፍቷል። በማግስቱ ዓመት የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ሲቋቋም ይህ እልቂት ከምክንያቶቹ አንዱ ነበር፤ የኮላ ድባ ጤና ጣቢያም የኮሌጁ ተማሪዎች ወጥተው ከሚለማመዱባቸው ቦታዎች አንዱ ሆነ። በ1958 ደግሞ ወባ በአገር አቀፍ ደረጃ ተነሥቶ ወደ 3 ሚሊዮን ሰው ታሞ 150,000 ያህል ሞቷል። ሽማግሌዎቻችን "ንዳድ" የሚሉት በሽታ ይኸው ነው። የጥንት ታሪክ ነው የሚል ካለ፣ የዓለም ጤና ድርጅት እንዳስታወቀው በ2024 በመጀመሪያዎቹ አሥር ወራት ገደማ ብቻ በኢትዮጵያ ከ7.3 ሚሊዮን በላይ የወባ ሕመምና 1,157 ሞት ተመዝግቧል። ክረምቱ ወጥቶ መገጭ ሲጎድል፣ በዋልካው መሬት ላይ የተኛው ውኃ ቢምቢ ይፈለፍልበታል። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ባሉት ወራት ደምቢያ ውስጥ "አጎበር ተይው" ማለት "በርህን ክፍት አድርገህ ተኛ" ከማለት አይተናነስም።

ለመሆኑ ዕቃው ይሠራል ወይ? በመጀመሪያ ራሱ ካርቶኑ የሚለውን እንመርምር። አንዱ ካርቶን "የሌሊት ወፍ ድምፅ ነው፤ ቢምቢ የሌሊት ወፍን ትፈራለች" ይላል። ሌላው "የወንድ ቢምቢ ድምፅ ነው፤ ያረገዘች ሴት ቢምቢ ወንድ ትሸሻለች" ይላል። የሚነክሱት ሴቶቹ ብቻ መሆናቸው እውነት ነው፤ ደም የሚያስፈልጋቸው ለዕንቁላላቸው ነው። የቀረው ግን እርስ በርሱ ይጋጫል። የሰው ጆሮ በሴኮንድ ከ20 እስከ 20,000 ንዝረት ያለውን ድምፅ ይሰማል። የወንድ ቢምቢ ክንፍ በሴኮንድ የሚርገበገበው በመቶዎች የሚቆጠር ጊዜ ነው፤ ይህ እንግዲህ እኛም የምንሰማው ድምፅ ነው። ዕቃው ሰው የማይሰማውን ድምፅ ካወጣ የወንድ ቢምቢ ድምፅ አይደለም። የወንድ ቢምቢ ድምፅ ከሆነም ልንሰማው ይገባ ነበር። ሁለቱን ባንድ ካርቶን ላይ የጻፈ ሰው ወይ ፊዚክስ አልተማረም፣ ወይ እኛ ያልተማርን መስለነዋል።

የሌሊት ወፉም ነገር እንዲሁ ነው። የሌሊት ወፍን ድምፅ ሰምተው የሚሸሹ አንዳንድ የእሳት እራቶች አሉ። የቢምቢ ጆሮ ግን አንቴናዋ ሥር ያለ ሆኖ በተለይ የሚያገለግላት የክንፍ እምምታን ለመለየት ነው። እኛን የምታገኘን ደግሞ በጆሮዋ አይደለም፤ በምንተነፍሰው አየር፣ በገላችን ሙቀትና ሽታ ነው። ትንፋሻችንን ተከትላ የመጣችን ቢምቢ ፕላስቲኩ ምን ብሎ ይመልሳታል?

ይህ የእኛ ፍልስፍና ብቻ እንዳይመስል፤ ጉዳዩ በተግባር ተፈትኗል። በአፍሪካ፣ በሰሜን አሜሪካና በሩሲያ በመስክ የተደረጉ 10 ጥናቶችን አንድ የሕክምና መርማሪዎች ቡድን ሰብስቦ በ2007 ውጤቱን አሳትሟል። ዕቃው በርቶ ሳለና ጠፍቶ ሳለ ገላቸውን ገልጠው በተቀመጡ ሰዎች ላይ ያረፉት ቢምቢዎች ተቆጥረዋል። በአሥሩም ልዩነት አልተገኘም። እንዲያውም በጥናቶቹ ውስጥ ከነበሩት 15 ሙከራዎች በ12ቱ ዕቃው በበራበት በኩል ያረፉት ቢምቢዎች በለጥ ብለው ተገኝተዋል። በስልክ ላይ የሚጫነው "ቢምቢ አባራሪ" ደግሞ ከዚህም የባሰ ነው፤ የስልክ ድምፅ ማውጫ የተሠራው ለሰው ጆሮ ነውና።

ስለ ሌሎቹ ባጭሩ እንበል። ወይን ጠጅ መብራት ያለው፣ ነፍሳት ሲጠጉት ጠሽ እያደረገ የሚጠብሰው መሣሪያ ደስ ያሰኛል፤ ሲጠብስ ስለሚሰማ የሠራ ይመስላል። በአሜሪካ በዴላዌር ግዛት በስድስት ቤቶች የተጠበሱት ተቆጥረው በ1996 በወጣው ውጤት ከ13,789 ነፍሳት መካከል ቢምቢና መሰል ተናካሽ የሆኑት 31 ብቻ ነበሩ። ብዙዎቹ ማንንም የማይነኩ የውኃ ዳር ነፍሳት፣ 13.5 በመቶዎቹም ተባይን እየበሉ ገበሬን የሚረዱ ነበሩ። ወዳጅን ጠብሶ ጠላትን ማሳለፍ ማለት ይኸ ነው። መምቻውን ግን አንንቀውም፤ የመታትን ቢምቢ በርግጥ ይገድላል። ችግሩ ሰው ተኝቶ አይመታም።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ እንምጣ። ዕቃው የማይረባ ከሆነ ሰው ለምን ይገዛዋል? ሞኝ ስለሆነ ነው የሚል ካለ አጥብቀን እንቃወማለን። የዚህ ዕቃ ሥራ በዓይን አይታይም። መብራት በርቶ ይታያል፤ "አለመነከስ" ግን አይታይም። አባወራው ሰክቶ ተኛ፤ ሌሊቱን አልተነከሰም። ዕቃው አዳነው? ወይስ ነፋስ ነበር? ወይስ የበጋ ወር ነው? ወይስ ተነክሶ አልነቃም? ወባው ደግሞ የሚነሣው በዚያው ሌሊት አይደለም፤ ከሳምንት በላይ ቆይቶ ነው፤ ያኔ ማን ፕላስቲኩን ያስታውሰዋል? ሻጩ የሚያተርፈው ከዚህ ነው።

ሁለተኛው ምክንያት የአጎበር ጣጣ ነው፤ ይህን ሳንናገር ብናልፍ ፍትሕ አይሆንም። አጎበር ይሞቃል። በየማታው ይዘረጋል፣ በየጠዋቱ ይሰበሰባል። መደብ ላይ አምስት ሆነው ለሚተኙ ልጆች ማእዘኑ አይበቃም፤ ጭቃው ግድግዳ ምስማር አይዝም። አይጥ ይበሳዋል፤ ብስም የሚሰፋው ያው የቤቱ ሴት ናት። ፕላስቲኩ ግን "ሰክተሽ ተኚ" ብቻ ነው የሚለው። ለደከመች እናት የሚሸጥላት ቢምቢ ማባረሪያ ሳይሆን ዕረፍት ነው። አጎበርን ለጭድ መሸከሚያ ያዋለን ሰው የምንገሥጽ ሁሉ መጀመሪያ እንዴት እንደሚሰቀል ቤቱ ገብተን እናሳየው።

"አጎበሩስ ቢሆን ሥራው መቼ በዓይን ይታያል?" የሚለን አንባቢ ይኖራል። ትክክል ነው! ከፕላስቲኩ የጠየቅነውን ከአጎበሩም ልንጠይቅ ይገባል። አጎበር ግን ተጠይቆ መልሷል። በጋምቢያ፣ በጋና፣ በኬንያና በሌሎችም የአፍሪካ አገሮች መንደሮች ተከፍለው ግማሾቹ መድኃኒት የተነከረ አጎበር ተሰጥቷቸው፣ ግማሾቹ ቆይተው እንዲያገኙ ተደርጎ፣ የሕፃናት ሞት ተቆጥሯል። አጎበር ባገኙት በኩል በአማካይ 17 በመቶ ያህል ቀንሶ ተገኘ። ከ2000 እስከ 2015 ባሉት ዓመታትም በአፍሪካ በመከላከያዎች አማካይነት ሳይከሰት ከቀረው የወባ ሕመም 68 በመቶው በአጎበር የቀረ መሆኑ ተገምቷል። አጎበር ፍጹም ነው አላልንም። አንዳንዷ ቢምቢ ሰው ገና ራት ላይ ሳለ ትነክሳለች፤ ለመድኃኒቱም የተላመዱ አሉ። ስለዚህ ቤት የሚረጩ ሠራተኞች ሲመጡ በር አለመዝጋት፣ ትኩሳት ሲጀምር በዚያው ቀን ጤና ኬላ መሄድ የግድ ነው።

ይህ ሁሉ ዕጩ መምህራንን ምን አገባን? ነገ በየቀበሌው ስንመደብ ካርቶኑን ይዞ የሚመጣው ወላጅ ወደኛ ነው የሚመጣው። "እስቲ አንተ የተማርኸው፣ ይች ነገር ትረባለች?" ይለናል። "እንጃ" ብንል ሻጩ ያሸንፋል። "ውሸት ነው!" ብለን ብንጮህም ያሸንፋል፤ ምክንያቱም አንዱ ልጅ ከኋላ ወንበር እጁን አውጥቶ "ቲቸር፣ አባቴ ግን ሰክቶ አልተነከሰም" ይላል። የልጁ ክርክር አይናቅም፤ ዓይቶ ነው የተናገረው። ሊሰጠው የሚገባው መልስ "ሳይሰካ የተኛውስ ጎረቤታችሁ?" የሚል ጥያቄ ነው። ማነጻጸርን በቃል ያስጠናን መምህር ብዙ ነው፤ ልጆቹ እጃቸውን አስገብተው እንዲያነጻጽሩ ያደረገ ግን ከስንት አንድ ነው።

ስለዚህ ለሳይንስ ክበባችን የሚከተለውን እናሳስባለን። ሁለት ጎን ለጎን ያሉ፣ የሚመሳሰሉ ክፍሎች ይመረጡ። በየክፍሉ አንድ ፈቃደኛ፣ ብስ በሌለው አጎበር ውስጥ ይተኛ፤ ማንም ለሙከራ ተብሎ ገላውን ለቢምቢ እንዳይሰጥ። ዕቃው አንድ ሌሊት በዚህኛው፣ በማግስቱ በዚያኛው ክፍል እየተሰካ ለስምንት ሌሊት ይቆይ። ተኚዎቹ ግን ከየክፍላቸው አይለዋወጡ፤ ቢምቢ አንዱን ሰው ከሌላው አብልጣ ትወዳለችና፣ መዘዋወር ያለበት ዕቃው ብቻ ነው። ከንጋት በፊት አንድ ሌላ ሰው በእጅ ባትሪ ግድግዳውን፣ ጣሪያውንና የአጎበሩን ውጭ ዓይቶ ይቁጠር። ቆጣሪው ዕቃው በየትኛው ክፍል እንደተሰካ አይነገረው። ሶኬቶቹ በሁለቱም ክፍል በጥቁር ጨርቅ ይሸፈኑ፤ አለበለዚያ ያቺ ቀይ መብራት ታሳብቃለች። በድምፁ እንዳይለየው መቼም ሻጩ ራሱ ዋስ ሆኖልናል። መብራት የጠፋበት ሌሊት ከቁጥር አይገባም።

ዕቃው ያላችሁ እስከ መጪው ዓርብ ለክበቡ ጸሐፊ አስረክቡ፤ ሙከራው ሲያልቅ ይመለስላችኋል። ካርቶኑንም አትጣሉ፤ አብራችሁ አምጡት። የተጻፈበትን ቃል በቃል ገልብጠን ከቆጠራው ጎን እዚሁ ሰሌዳ ላይ እንለጥፈዋለን።