የኔትወርኩ ቁልፍ በማን እጅ ነው?

አውሮራ ሃቫና ጎዳና ላይ ቡና ይዘን ስንቀመጥ ወሬያችን ዞሮ ዞሮ አገር ቤት ይገባል። «ስደውል አልገባ አለኝ፣ ኔትወርክ የለም።» ጥፋቱን በማማው ወይም በመብራቱ ማላከክ ቀላል ነው። ኔትወርኩን ስለሚያስተዳድረው ሶፍትዌር ግን ብዙም አናወራም።

አንድ የሞባይል ጣቢያ መብራት ጠፋበት እንበል። የሬዲዮ መሣሪያው ከአንድ አምራች፣ የማስተላለፊያው መስመር ከሌላ፣ ጄኔሬተሩ ከሦስተኛ ከተገዛ፣ አንዱ ብልሽት በሦስት ስክሪን ላይ ሦስት የተለያየ ማስጠንቀቂያ ሆኖ ይመጣል። ባለሙያው ዋናውን ምክንያት እስኪለይ ጊዜው ይነጉዳል። ማስጠንቀቂያ ተቀብሎ፣ አዛምዶ ለጥገና ቡድን የሚያስተላልፍ የሶፍትዌር ክፍል አንዴ በደንብ ተሠርቶ ለሁሉም ቢያገለግል ይህ ድካም በቀነሰ ነበር።

ይህ ሕልም አይደለም። መሣሪያዎችን በአንድ ቋንቋ ለማዋቀር የሚያገለግለው ኔትኮንፍ የተባለ ስታንዳርድ ከ2006 ጀምሮ አለ። በ2017 ደግሞ ኤቲ ኤንድ ቲ የሠራው ሶፍትዌርና ቻይና ሞባይል፣ ሁዋዌና ዜድቲኢ የተሳተፉበት ኦፕን-ኦ ተዋህደው፣ በሊኑክስ ፋውንዴሽን ሥር ኦናፕ የተባለ ክፍት ፕሮጀክት ሆነዋል። ማንም አውርዶ ሊማርበት ይችላል።

የእኛ አገር መንገድ ሌላ ነበር። በ2006 ከዜድቲኢ ጋር የ1.5 ቢሊዮን ዶላር ስምምነት ተፈረመ። በ2013 ሌላ 1.6 ቢሊዮን ዶላር ለሁዋዌና ለዜድቲኢ ተከፋፈለ። ብዙም ሳይቆይ ነባሩን ኔትወርክ በማሻሻል ወጪ ላይ ከዜድቲኢ ጋር አለመግባባት ተነሣና የሥራው ከፊል ለኤሪክሰን ተሰጠ። ኔትወርኩ በእነዚህ ዓመታት ብዙ ሚሊዮን ሕዝብ ጋ ደርሷል፤ ይህን መካድ አይገባም። ነገር ግን አምራች በተቀየረ ቁጥር እንደገና መጀመር ካለብን፣ የሰው ወርቅ አያደምቅም።

«ክፍት ከሆነ ሁሉ ነገር ይስተካከላል» ማለታችንም አይደለም። እዚሁ አጠገባችን ሊትልተን የሚገኘው ዲሽ ዋየርለስ በክፍት አሠራር አዲስ ኔትወርክ ገንብቶ በ2023 70 በመቶ የአሜሪካን ሕዝብ ሸፍኖ ነበር። በ2025 ግን ባለቤቱ ኤኮስታር ከስፔክትረሙ ከፊሉን በ23 ቢሊዮን ዶላር ለኤቲ ኤንድ ቲ ለመሸጥ ተስማማ። ጥሩ ሶፍትዌር ደንበኛና ገንዘብ አያመጣም። በዚያ ላይ ከብዙ ቦታ የመጡ ክፍሎችን የሚገጣጥም የራስ ባለሙያ ከሌለ፣ ክፍት የተባለውም ሌላ ጥገኝነት ይሆናል።

ስለዚህ ጥያቄያችን ሁለት ነው። ኢትዮ ቴሌኮምም ሆነ በ2022 ሥራ የጀመረው ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ፣ በሚቀጥለው የግዢ ውላቸው ላይ የማስተዳደሪያ ሶፍትዌሩ መገናኛ በስታንዳርድ የተሠራና በሰነድ የተብራራ እንዲሆን ይጠይቁ። የአገር ውስጥ መሐንዲስ ያለ አምራቹ ፈቃድ የራሱን ክፍል ጽፎ መቀጠል መቻሉም በውሉ ላይ ይስፈር።

ሁለተኛው ለእኛ ነው። ዴንቨርና አካባቢዋ ላይ በዚህ ሙያ የምንሠራ፣ የመመረቂያ ፕሮጀክት የምትፈልጉ ተማሪዎችም፣ ትልቁን ነገር እንተወው። ያን የማስጠንቀቂያ ማዛመጃ ክፍል ከአገር ቤት ተማሪዎች ጋር እንሥራና ኮዱን ክፍት እናድርገው። ቡናው ላይ ከምናማርር ይሻላል።