ትንሿ ጠመንጃና የዕቁቡ ገንዘብ

በዚህ ሳምንት ለቤተሰብ ማዕዘናችን ከወትሮው ወጣ ያለ ጥያቄ ደርሶናል። ከጦር ሠፈራችን ነዋሪዎች አንዷ የሆኑ እህታችን እንዲህ ሲሉ ጽፈውልናል፤ «ባለቤቴ ሃምሳ አለቃ ናቸው። በመጪው ዓመት ጡረታ ይወጣሉ። የመንግሥቱን መሣሪያ ካስረከብሁ በኋላ እጄና ዓይኔ እንዳይዝጉ ለዒላማ የምትሆን አንዲት ትንሽ ጠመንጃ ልግዛ ይላሉ። ለዚሁ ያሰቡት ገንዘብ ግን እኔ ሳምንት በሳምንት የጣልሁት ዕቁብ ነው። ሳይቸግር ጤፍ ብድር እንዳይሆንብን እሠጋለሁ። እናንተስ ምን ትላላችሁ?»

ጥያቄው ሁለት ገጽ አለው፤ አንደኛው የጠመንጃ፣ ሁለተኛው የትዳር ነው። ሁለቱንም እንደ አቅማችን ለመመለስ እንሞክራለን።

ትንሿ ጠመንጃ የምንላት የአፈሙዟ ስፋት 5.6 ሚሊ ሜትር የሆነው፣ በኢንች አቆጣጠር ነጥብ 22 እየተባለች የምትጠራው ናት። ሎንግ ራይፍል የተባለው ጥይቷ እ.ኤ.አ. በ1887 በአሜሪካን አገር የተሠራ ሲሆን፣ እርሳሱ 2.6 ግራም ያህል ብቻ ይመዝናል። ጉልበቱ ከክላሽንኮቭ ጥይት አንድ አሥረኛውን አይሞላም። ጠመንጃይቱ ትከሻ አትመታም፤ ጥይቷም ከጦር ሜዳ ጥይት ይረክሳል። ስለዚህም ልዩ ልዩ አገሮች ወጣቶቻቸውን የተኩስን ሀሁ ያስቆጠሩት በእርሷ ነው። ሶቪየት ኅብረት እ.ኤ.አ. ከ1932 ጀምሮ በቱላ ፋብሪካ የተሠራችውን ቶዝ-8ን ለማሠልጠኛ አውላለች፤ የእንግሊዝ ካዴቶችም ቁጥር 8 በተባለችው ለብዙ አሥርተ ዓመታት ሠልጥነዋል። በኦሊምፒክ የሚደረገው የ50 ሜትር የጠመንጃ ውድድርም በዚሁ ጥይት ነው፤ የዒላማው ባለ 10 ነጥብ ክበብ ከዳር እስከ ዳር 10.4 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። እንግዲህ ሃምሳ አለቃው እጄና ዓይኔ አይዝጉ ማለታቸው ከንቱ ምኞት አይደለም።

ነገር ግን ትንሽ ናት ተብላ እንደ መጫወቻ የምትታይ አይደለችም። ጥይቷ ከ1.5 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ ሊያርፍ ይችላል፤ ሰውም ይገድላል። በሌላ በኩል ጅብን ወይም ዝንጀሮን ከማሳ እከላከልባታለሁ የሚል ቢኖር ይሳሳታል፤ አቁስላ ትሰዳለች እንጂ በወጉ አትጥልም። በዱር እንስሳት ላይ መተኮስም ፈቃድ የሚጠይቅ ጉዳይ ነው። ስለዚህ ለዒላማ ከሆነ ለዒላማ ብቻ ትሁን።

ለወታደር ስለ ጠመንጃ ማውራት ለቀባሪው አረዱት እንዳይሆንብን እንጂ፣ ይህች ጠመንጃ የራሷ ጠባይ አላት። በምናውቀው የጦር ሜዳ ጥይት መርፌው የሚመታው የቀለሁን መሐል ነው። በትንሿ ጥይት ግን የሚቀጣጠለው ቅመም የተቀበረው በቀለሁ መቀመጫ ዙሪያ ባለው ጠርዝ ውስጥ በመሆኑ መርፌው የሚመታው ጠርዙን ነው። ከዚህ የተነሣ በጥይት መጉረሻው ውስጥ ቀለህ ከሌለ መርፌው በብዙዎቹ ጠመንጃዎች የመጉረሻውን ከንፈር ይመታል። እኛም በጦር ትምህርት ቤት ሳለን ይህን ባለማወቅ የማሠልጠኛዋን ጠመንጃ ማታ ማታ በባዶ ምላጯን ስንስብ ከረምን። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ጥይት አልጎርስ፣ ቀለህ አልተፋ አለች። አሠልጣኛችን ምንም ሳይናገሩ አጉሊ መነጽር አቀበሉን፤ በመጉረሻው ጠርዝ ላይ የጠለቀችውን ጠባሳ በዓይናችን አየን። ከዚያ ወዲህ ባዶዋን አልነካናትም።

አሁን ወደ ምርጫው እንግባ። የመጀመሪያው እርምጃ ወደ ሻጭ ሳይሆን ወደ ፈቃድ ሰጪው ክፍል ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ያለ ፈቃድ መሣሪያ መያዝን ይከለክላል። ምን ዓይነት መሣሪያ፣ ለምን ተግባር እንደሚፈቀድ ሳይጠይቁ አንድ ብር እንኳ ቀብድ መስጠት አይገባም። ፈቃድ የሌላት ጠመንጃ በነጻ ብትሰጥም ውድ ናት።

ፈቃዱ ከተገኘ፣ ምክራችን ለእያንዳንዱ ጥይት በእጅ የምትቀባበለውን መምረጥ ነው። እንደ ቶዝ-8 አንድ ጥይት ብቻ የምትጎርሰው፣ ወይም የቼክ ሲዜድ ፋብሪካ እንደሚሠራቸው ባለ 5 ጥይት ካዝና ያላት ብትሆን የሚንቀሳቀሱ ክፍሎቿ ጥቂት ናቸው፤ ደካማውንም ብርቱውንም ጥይት ያለ ቅሬታ ትተኩሳለች። እ.ኤ.አ. በ1960 የወጣችው ማርሊን 60 እና በ1964 የወጣችው ሩገር 10/22 ራሳቸውን የሚያጎርሱ፣ በሚሊዮን የሚቆጠር ሕዝብ የገዛቸው መልካም ጠመንጃዎች ናቸው። ይሁን እንጂ ራሷን የምታጎርስ ጠመንጃ በደካማ ጥይትና በጥላሸት ትነክሳለች፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ ከተኮሰች በኋላ መልሳ ትጎርሳለች። ለጀማሪ እጅ ይህ አደጋ ነው። አጉሊ ማነጣጠሪያም ለጊዜው ይቅር፤ ሲያጌጡ ይመላለጡ እንዲሉ፣ በብረት ማነጣጠሪያ የማይመታ በመነጽርም አይመታም።

ያገለገለች ከሆነች ጥይት አለመጉረሷን ካረጋገጡ በኋላ መዝጊያዋን አውጥተው በአፈሙዟ ውስጥ በብርሃን ይመልከቱ። ጠመዝማዛው ቦይ ጥርት ብሎ መታየት አለበት፤ ዝገት ወይም የቀለበት ጥላ ካለ ይተዉአት። የጥይት መጉረሻው ጠርዝ አለመጎዳቱን፣ የአፈሙዙ ከንፈር አለመሸረፉን፣ ሰደፉ አለመሰንጠቁን፣ ቀለህ ሳቢዋ መሥራቱን ይፈትሹ። ብሎኖቿ ከተፋጩ ያላዋቂ እጅ ነክቶአታል ማለት ነው። ቀጥሎም በተፈቀደ ተኩስ ቦታ፣ ተደግፈው፣ በ50 ሜትር ላይ 5 ጥይት ይተኩሱ፤ ጤነኛ ከሆነች በ3 ሴንቲ ሜትር ገደማ ውስጥ ይሰበስባቸዋል። ካልሰበሰቡ ወዲያው አይናቋት፤ ይህች ጠመንጃ ጥይት ትመርጣለችና በሌላ ዓይነት ጥይት ይሞክሯት። ጥይት ቢከሽፍ አፈሙዟን ወደ ዒላማው እንዳቀኑ 30 ሰከንድ ይቆዩ፤ ቅመሙ ዘግይቶ ሊቀጣጠል ይችላል።

ስለ ገንዘቡ ደግሞ እህታችን ብዕር ያንሡ። የጠመንጃዋ ዋጋ የዋጋው መጀመሪያ እንጂ መጨረሻ አይደለም። ባለቤትዎ በወር ሁለት ጊዜ፣ በእያንዳንዱም 50 ጥይት ቢተኩሱ በዓመት 1,200 ጥይት፣ ማለትም ባለ 50 ፍሬ 24 ፓኮ ያስፈልጋቸዋል። በዚህ ላይ የፈቃዱን ወጪ፣ መወልወያና ዘይት፣ ቁልፍ ያለው የብረት ሣጥን ይደምሩ። ድምሩን ከልጆች የትምህርት ወጪና ከጡረታው ገቢ ጋር ጎን ለጎን ይጻፉት። ጥይት መግዛት የማይቻል ከሆነ ጠመንጃይቱ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ዕዳ ናት።

በመጨረሻም የትዳሩን ጉዳይ እናንሣ። በጦር ሠፈር መሣሪያ የሚቀመጠው በግምጃ ቤት ነው። ግምጃ ቤቱ ኃላፊ፣ መዝገብና ዘብ አለው፤ ኃላፊው ሳይፈርም አንዲት ጥይት አትገባም። ቤት ውስጥ ግን ቀኑን ሙሉ ከጠመንጃዋ ጋር የሚውለው ማነው? እርስዎ ነዎት። ባለቤትዎ ገበያ ሲሄዱ፣ ዘመድ ሲጠይቁ፣ ልጆች ከትምህርት ቤት ሲመለሱ ዘቡም ኃላፊውም እርስዎ ነዎት። ያልፈረሙበትን ግምጃ ቤት እንዴት ይጠብቃሉ? የአልጋ ሥርና የበር ራስ መደበቂያ እንጂ ማስቀመጫ አይደሉም፤ ልጅ ወላጆቹ የደበቁትን ከወላጆቹ ይበልጥ ያውቃል። ጠመንጃይቱ ጥይት ሳትጎርስ በተቆለፈ ሣጥን፣ መዝጊያዋ በሌላ፣ ጥይቱም በሌላ ቁልፍ መቀመጥ አለባቸው። የጥይቱ እርሳስ ለልጆች መርዝ ስለሆነ መወልወሉም ከማዕድ ቤትና ከገበታ ርቆ ይሁን፤ የወለወለ ሰው እጁን በሳሙና ሳይታጠብ ሕፃን አይቀፍ።

ሃምሳ አለቃ ሆይ፤ ሙያዎን እናከብራለን፤ ምኞትዎም ነውር የለበትም። ነገር ግን ከጠመንጃይቱ በፊት ሣጥኑን ይግዙ፤ ለሣጥኑ የሚሆን ገንዘብ ከጠፋ ለጠመንጃይቱም የሚሆን የለም። ሒሳቡን ከባለቤትዎ ጋር ተቀምጠው ይሥሩ። ዕቁቡን የጣሉት እርሳቸው ናቸውና በወረቀቱ ግርጌ የእርሳቸው ፊርማ ይቅደም። ፊርማቸውን ከነፈጉዎት ዕቁቡ ወደታሰበለት ጉዳይ ይሂድ፤ ዓይንና እጅ እስከሚቀጥለው ዙር ይታገሣሉ።