አፍ የሌለው ትልና የባቄላ ሥር

በዛሬው አምዳችን በአንድ ጥያቄ እንጀምራለን። አፍም አንጀትም የሌለው፣ የፀሐይ ብርሃን በማይደርስበት ጨለማ የሚኖር እንስሳ ምን በልቶ ያድራል?

ጥያቄው እንቆቅልሽ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1977 አልቪን በምትባል ጠላቂ መርከብ የወረዱ ተመራማሪዎች፣ በጋላፓጎስ ደሴቶች አካባቢ 2,500 ሜትር ያህል ጥልቀት ላይ፣ ፍል ውሃ ከሚወጣበት ስንጥቅ ዳር ነጭ ቱቦ ውስጥ የሚኖር ረጅም ትል አገኙ። ከቱቦው ጫፍ ደም የመሰለ ቀይ ላባ ብቅ ብሎ ይወዛወዛል። ትሉ ተከፍቶ ሲታይ አፍም የምግብ መተላለፊያም የለውም። መልሱ እ.ኤ.አ. በ1981 ታተመ። ያን ጊዜ ገና የሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የነበረችው ኮሊን ካቫኖና ሌሎች ተመራማሪዎች እንዳሳዩት፣ በትሉ ገላ ውስጥ ስፖንጅ የሚመስል ክፍል አለ፤ ክፍሉም በባክቴሪያ የታጨቀ ነው። ትሉን የሚቀልቡት እነዚህ እንግዶች ናቸው።

እ.ኤ.አ. በ1984 ደግሞ የዚህ ትል ዘመዶች በሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ተገኙ። እዚያ ፍል ውሃ የለም፤ ሚቴን የተባለው ጋዝ ከባሕሩ ግርጌ ጭቃ ቀስ እያለ ይወጣል እንጂ። በጭቃው ውስጥ ያሉ ረቂቅ ሕዋሳት ሚቴኑን ሲጠቀሙበት ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ይፈጠራል። የተበላሸ እንቁላል ሽታ ያለው ያ መርዝ ማለት ነው። ላሜሊብራኪያ የሚባለው ትል የታችኛውን ጫፉን ልክ እንደ ተክል ሥር ወደ ጭቃው ሰዶ ሰልፋይዱን ይስባል፤ ኦክሲጅኑን ከላይ በቀዩ ላባው ከውሃው ይወስዳል። ላባውን ያቀላው ሄሞግሎቢን ሁለቱንም በየቦታቸው ይዞ፣ ሳያጋጭ፣ ለባክቴሪያዎቹ ያደርሳል። እነርሱም በዚያ ጉልበት ምግብ ይሠራሉ፤ ትሉ ከሠሩት ይካፈላል፤ ከራሳቸውም እየፈጨ ይመገባል። በዚህ ዓይነት ኑሮ ከ200 ዓመት በላይ የሚቆዩ አሉ። የሚገርመው ግን ትሉ እንግዶቹን ከእናቱ አይወርስም። ጨቅላ ሳለ ከአካባቢው ይቀበላቸዋል።

ባሕር ለሌላት አገር አንባቢ ይህን ሁሉ ማውራታችን ለምን ይሆን? የዚህ ኑሮ አምሳያ ቢቸናና ሞጣ ማሳ ላይ ስላለ ነው። በቢቸና ዙሪያ ክረምቱ ሲወጣ፣ ጥቁሩ ዋልካ ባቆረው እርጥበት ሽምብራና ጓያ ይዘራል። ወደ ሞጣ ደጋ ደጋውን ባቄላና አተር አለ። የእነዚህ ሁሉ ሥር ራይዞቢየም የሚባል ባክቴሪያ ያስተናግዳል። ባክቴሪያው በአፈር ውስጥ ይኖራል፤ ቡቃያው ከአፈሩ ይቀበለዋል እንጂ ከእናት ዘሩ ይዞት አይመጣም። ከገባ በኋላ ሥሩ ላይ ትንንሽ እባጭ ይሠራለታል። ተክሉ ስኳር ይሰጠዋል፤ እርሱ ደግሞ ከአየር ናይትሮጅን ወስዶ ተክሉ ሊጠቀምበት ወደሚችል መልክ ይለውጣል።

ይህ ናይትሮጅን ዩሪያ ብለን በኩንታል የምንገዛው ነው። ፋብሪካ ዩሪያን የሚሠራው በብዛት ከተፈጥሮ ጋዝ፣ ማለትም ከዚያው ከሚቴን ተነስቶ፣ በከፍተኛ ሙቀትና ግፊት ነው። አገራችን ደግሞ በውጭ ምንዛሪ ስትገዛው ኖራለች። በ2015 ዓ.ም. የዘር ወቅት ደርሶ በአማራ ክልል ማዳበሪያ ሲጠፋ የገበሬው ጭንቀት ምን ያህል እንደነበር አንረሳውም። እባጩ ግን ያለ እሳት፣ እዚያው እርጥብ አፈር ውስጥ ይሠራዋል። አባቶቻችን ባቄላ የነበረበትን መሬት በዓመቱ ለስንዴ ወይም ለጤፍ የሚመርጡት በከንቱ አልነበረም።

ታዲያ እባጩ መሥራቱ በምን ይታወቃል? ወጣቶች ይህን ሞክሩት። ባቄላው ሲያብብ አንዱን እግር በአካፋ ከነአፈሩ አውጡ፤ ጎትታችሁ ከነቀላችሁት እባጩ መሬት ውስጥ ይቀራል። ሥሩን በውሃ ነክራችሁ እጠቡና አንዱን እባጭ በጥፍር ክፈሉት። ውስጡ ሮዝ ወይም ቀይ ከሆነ በሥራ ላይ ነው። ቀለሙ የሄሞግሎቢን ዘመድ ነው፤ የትሉን ላባ ያቀላው ዓይነት መሆኑ ነው። ይህኛው ኦክሲጅንን እየመጠነ ለባክቴሪያው ያደርሳል፤ ኦክሲጅን ከበዛ ሥራው ይቆማልና። ነጭ ወይም አረንጓዴ ከሆነ ግን ተክሉ ብዙም እየተጠቀመ አይደለም። ከሥሩ ጎን በቀላሉ የማይላቀቅ፣ ሥሩ ራሱ ያበጠ የሚመስል ከሆነ ደግሞ የሌላ ትል በሽታ ሊሆን ይችላል፤ እርሱን ከዚህ እንዳታምታቱት።

እባጭ የሚያጣ ማሳ ብዙ ጊዜ ወይ አፈሩ አሲዳማ ነው ወይ ተስማሚው ባክቴሪያ የለበትም። ለአሲዱ ኖራ ይጨመራል። ለባክቴሪያው ደግሞ በአገራችን መናገሻ ባዮቴክን የመሰለ ድርጅት በከረጢት ሲያዘጋጀው ቆይቷል። የባቄላው ለሽምብራ አይሆንም፤ ለየሰብሉ የራሱ አለው። ዘሩ ጥላ ሥር በስኳር ውሃ ረጠብ ተደርጎ ከዱቄቱ ጋር ይታሻል፤ ዱቄቱ ሕይወት ያለበት በመሆኑ ፀሐይ ሳያየው ወዲያው ይዘራል። አጨዳ ሲደርስም ባቄላውን ከነሥሩ ከመንቀል በማጭድ አጭዶ ሥሩን ለመሬቱ መተው ይሻላል።