ገና በሚያዝያ ኩርፊያ?

ዋሽንግተን የምትኖር አንዲት እህት «ባለቤቴ ፒቸሮቹ ጨዋታ ባበላሹ ቁጥር ያኮርፈኛል። ገና በሚያዝያ እንዲህ ከሆነ ክረምቱን እንዴት ልዝለቀው?» ትለኛለች።

እኔም የናሽናልስ ደጋፊ ነኝ፤ ንዴቱ ይገባኛል። ግን ወንድሜ፣ ቤዝቦል እኮ የ162 ጨዋታ ጉዞ ነው! በ2019 እ.ኤ.አ. ከመጀመሪያዎቹ 50 ጨዋታዎች 31ዱን ተሸነፍን። ጨዋታ የሚጀምሩት ፒቸሮች ጎበዞች ነበሩ፤ ተቀይረው የሚገቡት ግን ስንመራ የቆየነውን ያስነጥቁን ነበር። ብዙዎች «በቃ፣ አለቀልን» አሉ። ኦክቶበር 30 ሂዩስተንን በሰባተኛው ጨዋታ 6 ለ 2 ረትተን ዋንጫውን ወሰድን።

እናም ቴሌቪዥኑን ዝጋና ሚስትህን እራት ጋብዛት። ቡድኑ ነገም ይጫወታል፤ የሚስት ትዕግስት ግን 162 ጨዋታ ላይዘልቅ ይችላል።