«ሹፌሩን እንቅልፍ ወስዶት ነው»

የተሳቢ አደጋ በተሰማ ቁጥር ይቺን ብለን እንዘጋዋለን። ለምን ሳይተኛ እንደነዳስ ማን ጠየቀ?

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛ የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት አይበልጥም ይላል። ጅቡቲ መስመር የሚሠራ የድሮ ተማሪዬ ግን «ቲቸር፣ ደመወዙ ለስሙ ነው፤ ልጆቼ የሚበሉት ከምልልስ አበል ነው። ወደብ ላይ ወረፋ ስጠብቅ የባከነብኝን ቀን ሌሊት እየነዳሁ ነው የማካክሰው፣ ያውም በጫት» አለኝ።

«የሰዓት ገደብ ዕቃ ያዘገያል» የምትሉ፣ ገደል የገባ ዕቃ መቼ ይደርሳል? ደግሞ ገደብ ብቻውን ወረቀት ነው። የወረፋው ቀን ይከፈል! አበል በምልልስ ብዛት መቆጠሩ ይቅር! ማረፍ የልጅን እንጀራ የሚያስቀር ከሆነ ማንም አያርፍም።

የመስመሩ ልጆች፣ ከተሳሳትኩ አርሙኝ።