ባለ 21 ማርሽ ብስክሌት ለማን ይጠቅማል?

ርካሽ ብስክሌት የሚገዛ ሰው ጥራቱን የሚለካው አብዛኛውን ጊዜ በማርሽ ብዛት ነው። ባለ 21 ማርሹ ከባለ 7፣ ባለ 7ቱ ደግሞ ከባለ አንዱ ይሻላል ተብሎ ይታመናል፤ ሻጩም መጀመሪያ የሚጠራው ይህንኑ ቁጥር ነው። መለኪያው የተሳሳተ ነው። ስህተቱ ይበልጥ የሚጎዳው ደግሞ ተራራ ለመውጣት የሚገዛውን ሳይሆን ጠዋት ወደ ሥራ፣ ማታ ወደ ቤት የሚመላለሰውንና ገንዘቡ የተመጠነውን ሰው ነው።

21 የሚለው ቁጥር የሚገኘው ከፊት ያሉትን 3 ጥርሳም ክቦች ከኋላ ባሉት 7 በማባዛት ነው። በርካሽ ብስክሌት ላይ የተለመደውን አሠራር እንደ ምሳሌ መውሰድ ይቻላል፤ ከፊት ባለ 28፣ ባለ 38 እና ባለ 48 ጥርስ፣ ከኋላ ከ14 ጀምሮ በየሁለት ጥርሱ እስከ 24፣ ከዚያም ባለ 28። ካቴናው 48ን ከ24፣ ወይም 28ን ከ14 ጋር ሲያገናኝ ውጤቱ አንድ ነው፤ በሁለቱም ፔዳሉ አንድ ጊዜ ሲዞር የኋላው ጎማ ሁለት ጊዜ ይዞራል። 48 ከ20 እና 38 ከ16 ደግሞ ለእግር የማይታወቅ ልዩነት ነው ያላቸው። እንዲህ የሚደራረቡት ሲወጡ በእርግጥ የሚለያዩት ከ13 አይበልጡም። ከነዚህም ውስጥ ካቴናውን ከዳር ወደ ዳር አጣመው የሚስቡት ቶሎ ስለሚያስበሉት ባይነኩ ይመረጣል። ሜዳ ላይ የሚነዳ ሰው ከቀሩት የሚጠቀመው በሁለት ወይም በሦስት ብቻ ነው። ገዢው የከፈለው ግን ለሁሉም ነው።

ዋጋው ሳይጨምር ዕቃው ሲበዛ ለእያንዳንዱ ዕቃ የሚደርሰው ገንዘብ ያንሳል። ሁለት የማርሽ መቀየሪያ፣ ሁለት ካቴና አሻጋሪ፣ ገመዶቻቸው፣ ከዚያም የፊት ሹካው ላይ ሞላ ሲጨመር ወጪው የሚሸፈነው ከኩሽኔታው፣ ከቸርኬውና ከፍሬኑ ተቀንሶ ነው። ርካሹ ሞላ በተለይ ለከተማ ጉዞ የሚሰጠው ጥቅም ጥቂት ነው። ክብደት ይጨምራል፤ ነጂው ተነስቶ ሲረግጥ ጉልበቱን ይበላል፤ ዝናብና አቧራ ሲፈራረቁበት ደግሞ ዝጎ ይደርቃል። ባለ አንድ ማርሹ ላይ የሚላላ ገመድና የሚጣመም አሻጋሪ ስለሌለ ያው ገንዘብ ብስክሌቱን በሚሸከሙትና በሚያቆሙት ክፍሎች ላይ ሊውል ይችላል። ካቴናው ቀጥ ብሎ ስለሚሄድ ዕድሜው ይረዝማል። ሲላላም የኋላውን ጎማ ዳዶ ፈትቶ፣ ወደ ኋላ ስቦ መልሶ ማሰር ይበቃል፤ ለዚህ አንድ ቺያቤ ያለው ሁሉ ባለሙያ ነው።

የማርሽ ብዛት የጥራት ምልክት ሆኖ የኖረው ከጥንት ጀምሮ አይደለም። በቱር ደ ፍራንስ የብስክሌት ውድድር ካቴና አሻጋሪ የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ1937 ነው። ከዚያ በፊት ተወዳዳሪዎች ተራራ ሥር ሲደርሱ ወርደው የኋላውን ጎማ ይገለብጡት ነበር፤ በአንዱ ጎን ለሜዳ፣ በሌላው ለዳገት የሚሆን ጥርስ ነበረበት። ማርሹ ሲፈቀድ በደስታ የተቀበሉት ተራራ ስለሚወጡ ነው። ሠራተኛን ከቤቱ ሥራው ያደረሰው ብስክሌት ታሪኩ ሌላ ነው። በቻይና ቲያንጂን ከተማ እ.ኤ.አ. ከ1950 ጀምሮ የተሠራው ፍላይንግ ፒጅን፣ ጥቁርና ከባድ ባለ አንድ ማርሽ ብስክሌት፣ በቁጥር ከማናቸውም ተሽከርካሪ በልጦ ተመርቷል። ብስክሌት የዕለት ተዕለት መጓጓዣ በሆነባት በኔዘርላንድም ወደ ኋላ ሲረገጥ የሚይዝ ፍሬን ያለው ባለ አንድ ማርሽ ብስክሌት ዛሬም የተለመደ ነው።

ባሕር ዳርና ሐዋሳ ሐይቅ ዳር የተዘረጉ ሜዳማ ከተሞች ናቸው፤ ብስክሌት የብዙዎች መመላለሻ የሆነውም በዚሁ ምክንያት ነው። በእነዚህ ከተሞች ባለ 21 ማርሽ መግዛት ለማይወጡት ዳገት መክፈል ነው። አዲስ አበባ፣ ጎንደርና ደሴ ግን እንዲህ አይደሉም። ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ የሚወጣውን መንገድ በየቀኑ በአንድ ማርሽ ይወጣል ብሎ መምከር ሰውን ከብስክሌት ማስጠላት ነው። መንገዱ ዳገታም ለሆነበት ሰው የሚበጀው ጥቂት ግን በደንብ የተሠራ ማርሽ ነው፤ ከፊት አንድ፣ ከኋላ ሰባት ወይም ስምንት ጥርሳም ክብ ያለው፣ አለዚያም ማርሹ በኋላው ጎማ መሃል ውስጥ የተደበቀ። ይህን ሁለተኛውን ዓይነት ስተርሚ አርቸር የተባለው በእንግሊዝ የተቋቋመ ኩባንያ እ.ኤ.አ. ከ1900ዎቹ መጀመሪያ አንስቶ በሦስት ማርሽ ሲሠራው ኖሯል፤ ለዝናብም ለአቧራም የሚበገር አይደለም።

ባለ አንድ ማርሽ ገዝቶ ማሻሻል ሌላው ገንዘብ የሚባክንበት መስክ ነው። ብዙው ሰው አስቀድሞ የሚለውጠው ዓይን የሚያየውን ነው፤ ባለቀለም ቸርኬ፣ ጠባብ መሪ፣ ቀለል ያለ የመቀመጫ ዘንግ። ሰውዬው 70፣ ብስክሌቱ 12፣ ቦርሳው 3 ኪሎ ቢሆን በብዙ ገንዘብ የተቀነሰች አንድ ኪሎ ከጠቅላላው ሸክም 1.2 በመቶ ብቻ ናት። እግር የሚያውቀው ልዩነት ያለው ጥርሱ ላይ ነው፤ ርካሽ ባለ አንድ ማርሽ ብስክሌቶች ብዙ ጊዜ ከፊት ባለ 46፣ ከኋላ ባለ 16 ጥርስ ሆነው ይመጣሉ። የጎማው ዙሪያ 2.1 ሜትር ሲሆን ይህ ጥምረት በአንድ የፔዳል ዙር 6 ሜትር ያህል ያስኬዳል፤ በደቂቃ 80 ጊዜ ለሚረግጥ ሰው ፍጥነቱ በሰዓት 29 ኪሎ ሜትር ነው። ለተጨናነቀ ጎዳናና በየመብራቱ ለሚቆም ሰው ይህ ከባድ ነው። የኋላው በባለ 18 ቢተካ ፍጥነቱ ወደ 26 ይወርዳል፤ እግር የሚገፋው ኃይል ግን በ11 በመቶ ይቀላል። የማሻሻያ ገንዘብ ያለው ሰው ከዚህች ትንሽ ብረት ይጀምር። ካቴናው ሊያጥር ስለሚችል ረዘም ያለ አብሮ መግዛት ያስፈልጋል።

ቀጥሎ የሚመጣው ጎማ ነው። ጉድጓድና ኮረት በበዛበት መንገድ ቴላዮው የሚፈቅደውን ያህል ሰፋ ያለ ጎማ ማስገባት ርካሹ ሞላ ከሚሰጠው የበለጠ ምቾት ይሰጣል፤ ካላማዳሪም ቸርኬና ድንጋይ መካከል ተጨፍልቆ የሚቀደድበትን ጊዜ ያሳንሳል።

ፍሬንን ለውበት ሲሉ የማንሳት ልማድ ግን ጨርሶ መወገዝ አለበት። ብስክሌት ሲቆም ክብደቱ ወደ ፊት ስለሚጫን አብዛኛውን የማቆም ሥራ የሚሠራው የፊተኛው ፍሬን ነው። በሰዓት 25 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ሰው ደረቅ አስፋልት ላይ ፊተኛውን አጥብቆ ሲይዝ በ5 ሜትር ገደማ ሊቆም ይችላል፤ በኋለኛው ብቻ ግን የዚያን እጥፍ ያህል ርቀት ያስፈልገዋል። በታክሲና በእግረኛ መካከል ይህ ልዩነት የሰው ሕይወት ነው። በብሪታንያ እ.ኤ.አ. በ1983 የወጣው ደንብ ሁለት ራሳቸውን የቻሉ ፍሬኖች እንዲኖሩ የሚያስገድደው ያለ ምክንያት አይደለም። ርካሽ ብስክሌት ላይ የሚመጣው የፍሬን ላስቲክ ደረቅና አንሸራታች ነው፤ በጥቂት ገንዘብ የሚለወጥ ስለሆነ ሊዘገይ አይገባም።

አንዳንዱ ማሻሻያ ጭራሽ ዕቃ መግዛትን አይጠይቅም። ከካርቶን የወጣ ብስክሌት ኩሽኔታዎቹ አለቅጥ የጠበቁ ወይም ግሪስ የጎደላቸው ሊሆኑ ይችላሉ፤ ፈትቶ ግሪስ መቀባትና ልኩን አስተካክሎ ማሰር ዕድሜውን ያረዝማል። የፔዳሉ ክንዶች ቡሎን በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ደጋግሞ መጥበቅ አለበት፤ ላልቶ የተነዳ ክንድ ቀዳዳው ይሰፋና ከዚያ በኋላ አይጠብቅም። የግራው ፔዳል የሚታሰረው ወደ ግራ በማዞር ነው፤ ይህን ባለማወቅ ጥርሱ የተበላበት ክንድ ብዙ ነው። ካቴናው መሃሉ ላይ በጣት ሲነሳና ሲጫን አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ቢንቀሳቀስ ልኩ ነው።

አሁን ባለ አንድ ማርሽ ገዝቶ ወደፊት ማርሽ ለመጨመር ማቀድም አያዋጣም። የነዚህ ብስክሌቶች ቴላዮ የኋላውን ጎማ የሚይዝበት ስፋት በአብዛኛው 120 ሚሊ ሜትር ሲሆን ባለ ብዙ ማርሽ ጎማዎች 130 ወይም 135 ይፈልጋሉ፤ አሻጋሪው የሚታሰርበት ቦታም የላቸውም። ሰፈሩ ዳገታም የሆነ ሰው ማርሹን ከመጀመሪያው ይግዛ።