መሪነት ሹመት አይጠብቅም

በአገራችን መሪነት የሚለው ቃል ሲነሣ ብዙ ሰው የሚያስበው ወንበርን፣ ማኅተምንና ከደብዳቤ ግርጌ የሚያርፈውን ፊርማ ነው። በነርስ ትምህርት ክፍል ያሉ እኅቶቻችንና ወንድሞቻችንም ስለ መሪነት የሚሰጠውን ትምህርት ለፈተና ካጠኑ በኋላ «ይህ ለኀላፊዎች ነው» ብለው ደብተሩን የሚዘጉት ስለዚሁ ነው። እኛ ግን ነገሩ እንዲህ አይደለም እንላለን። ለዚህም ምስክር አድርገን የምንጠራው ትልቁን ከተማ ሳይሆን ቡሬን ነው።

ቡሬ ሲባል የጎጃሙ ትዝ የሚለው አንባቢ ብዙ ነው። የምንናገረው ስለ ኢሉባቦሩ ቡሬ ነው፤ ከመቱ ተነሥቶ ጎሬን አልፎ ወደ ጋምቤላ በሚወርደው መንገድ ላይ፣ ደጋው አልቆ ቆላው ሊጀምር ሲል ስላለችው ከተማ። ቀድሞ የኢሉባቦር ቡና ወደ ጋምቤላ እየወረደ በባሮ ወንዝ በመርከብ ወደ ሱዳን ይሻገር ነበር። የአገሩ ክረምት ረጅም፣ ዝናቡም ብርቱ ነው። ከቆላው በኩል በወባ የተያዘ መንገደኛ ይወጣል፤ ከቡናው ጫካ ውስጥ ካሉት ቀበሌዎች ምጥ የጠናባት እናት ትመጣለች። ለተግባር ልምምድ ወደዚህ የሚላክ የነርስ ተማሪ በክፍል የተማረው ሁሉ እዚህ ይፈተናል።

የመጀመሪያው ፈተና ቋንቋ ነው። ከሌላ አገር የመጣ ተማሪ አፋን ኦሮሞ ካላወቀ ታማሚው ያለውን ግማሹን ብቻ ሰምቶ ሙሉ ታሪክ እንደ ሰማ ሰው ይጽፋል። ብልህ ተማሪ ግን በመጀመሪያው ቀን «ኤሳቱ ሲ ዹኩባ» ብሎ የት እንደሚያም መጠየቅን ይማራል፤ የሚያስተምረውም ብዙ ጊዜ ዘበኛው ወይም የጽዳት ሠራተኛዋ ናት። ይህን ትምህርት ማንም በነጥብ አይቈጥርለትም። ነገር ግን ከማያውቁት ሰው ዝቅ ብሎ መማር የመሪነት መጀመሪያው ነው።

ሁለተኛው ፈተና ዝምታ ነው። ፓርቶግራፍ የተባለውን የምጥ መከታተያ ወረቀት እንመልከት። ለረጅም ዘመን ባገለገለው ቅርጹ ሁለት መስመር አለበት፤ አንዱ የማስጠንቀቂያ ነው፤ ሁለተኛው ከርሱ 4 ሰዓት ርቆ የተሠመረ የእርምጃ መስመር ነው። ወረቀቱን እንዲሞላ ብዙ ጊዜ የሚታዘዘው ተማሪው ነውና፣ ምጡ የማስጠንቀቂያውን መስመር መሻገሩን ከሁሉ በፊት የሚያየውም እርሱ ነው። በዚያች ሰዓት «እኔ ተማሪ ነኝ፤ ምን አገባኝ» ቢል 4ቱ ሰዓት እንዲያው ያልፋል። አምቡላንስ በጭቃ መንገድ ወደ መቱ እስኪደርስ የሚፈጀው ጊዜ ደግሞ በዚያ ላይ ይጨመራል።

በአንድ ጤና ድርጅት ለልምምድ የነበረች ጓደኛችን የአንዲት ነፍሰ ጡር የደም ግፊት ከፍ ማለቱን ሁለት ጊዜ ተናግራ «አንቺ ተማሪ ነሽ፤ ዐርፈሽ ጻፊ» ተብላለች። አላኰረፈችም፤ አልተሳደበችምም። ቁጥሩንና ሰዓቱን በቁራጭ ወረቀት ጽፋ ለተረኛው ነርስ በእጁ ሰጠችው። ያን ጊዜ ተነሥቶ ለካ፤ እናቲቱም በጊዜው ወደ ሆስፒታል ተላከች። ለዚህች ልጅ የሹመት ደብዳቤ የጻፈላት የለም። መሪ ግን ነበረች።

ከዚህ ቀጥለን የሙያ ትውውቅ ወደሚባለው ጉዳይ እንለፍ። ስለዚህ ነገር የሚሰጠው ምክር በዝቷል፤ ተማሪውም ትውውቅ ማለት ትልቅ ሰው ፈልጎ ስልኩን መያዝ እየመሰለው ነው። ይህ የቆየው የዘመድ ሥራ አዲስ ስም አግኝቶ ተመለሰ እንጂ የሙያ ትውውቅ አይደለም። ቡሬ ላይ ለነርስ የሚጠቅመው ትውውቅ ሌላ ነው። እርጉዝ ሴት በየትኛው ቤት እንዳለች የምታውቀው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ናት፤ ይህ አገልግሎት እ.ኤ.አ. በ2003 ከተጀመረ ወዲህ በአገሪቱ ከ30,000 በላይ ሠራተኞች ሠልጥነውበታል። የትኛው መንገድ በዝናብ እንደሚዘጋ የሚያውቀው የአምቡላንሱ ሾፌር ነው። ሌሊት ስልክ አንሥታ አልጋ የምታዘጋጀው በሆስፒታሉ ያለችው አዋላጅ ናት። እነዚህን ሰዎች በስማቸው የማያውቅ ነርስ ትምህርቱ የቱንም ያህል ቢሆን ብቻውን ነው።

ሲደወልም የሚባለውን ማወቅ ያሻል። አሁን የሆነው ምን እንደ ሆነ፣ የታማሚው ታሪክ፣ የተለካውና የታየው፣ የሚጠየቀው እርዳታ፤ እነዚህ አራቱ በተራ ከተነገሩ አንድ ደቂቃ ይበቃል። ሰላምታውንና ይቅርታውን ያበዛ ተማሪ ግን ዋናውን ሳይናገር ካርዱ ያልቅበታል።

ይህ አሳብ ዛሬ የተፈጠረ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1954 የተቋቋመው የጎንደር የጤና ጥበቃ ኮሌጅ የጤና መኰንኑን፣ የማኅበረሰብ ነርሷንና የአካባቢ ጤና ሠራተኛውን ባንድነት አሠልጥኖ ወደ ጤና ጣቢያ በቡድን ይልክ ነበር። የዓለም ነርሶችም በ1899 ዓለም አቀፍ ምክር ቤታቸውን ያቆሙት ብቻዋን የምትሠራ ነርስ ድምፅ እንደሌላት ስላወቁ ነው። በ2020 ደግሞ ናይቲንጌል በተወለደችበት 200ኛ ዓመት፣ 20,000 ወጣት ነርሶችና አዋላጆች የመሪነት ትምህርት እንዲያገኙ ለአሠሪዎች ጥሪ ቀርቦ ነበር። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ የሚለው የአባቶች አነጋገርም ይኸው ነው።

ከሁሉ ይልቅ ግን የልዕልት ፀሐይ ታሪክ ልባችንን ይነካዋል። ልዕልት በስደት ለንደን ሳሉ በሕፃናት ሆስፒታል ነርስነት ተምረው እ.ኤ.አ. በ1939 ተመርቀዋል። ከዚያ ወደ አገራቸው ተመልሰው በነሐሴ 1934 ዓ.ም. ከኢሉባቦር ጎረቤት በነቀምቴ ዐረፉ፤ የሞታቸው ምክንያት ከእርግዝና ጋር የተያያዘ ሕመም ነበር። ዕድሜያቸው 22 ነበር፤ ይኸውም የእኛ ዕድሜ ነው። ነርስ የነበሩትን የንጉሥ ልጅ እንኳ ርቀቱ ካልማራቸው፣ ከቡሬ ጫካ የምትመጣዋ የገበሬ ሚስት ተስፋዋ በማን ላይ ነው? የመንገዱን ርዝመት ተማሪ ሊያሳጥረው አይችልም። መንገዱ ከመጀመሩ በፊት በዝምታ የሚባክነውን ሰዓት ግን ሊያሳጥረው ይችላል።

ስለዚህ ማኅበራችን ሦስት ነገር እንዲፈጽም እናሳስባለን። አንደኛ፣ ወደ ቡሬ፣ ወደ ጎሬና ወደ ሌሎቹ ከተሞች ለልምምድ የሚሄደው እያንዳንዱ ቡድን አንድ ደብተር ይያዝ፤ የመንገዱን ጠባይ፣ አስፈላጊ የሆኑትን የአገሩን ቃላትና የሪፈር አሠራሩን ጽፎ ለሚተካው ያስረክብ። የታማሚ ስምና ምስጢር ግን አይጻፍበት። ሁለተኛ፣ የቡድን አለቅነት በውጤት ለበለጠው ብቻ መሰጠቱ ቀርቶ በየሳምንቱ በተራ ይሁን፤ ዝምተኛዋም ልጅ ተራዋ ሲደርስ ተናግራ ትለምድ። ሦስተኛ፣ ከእኛ ቀድመው የተመረቁ ነርሶች በየወሩ አንድ ማታ ተጋብዘው ስለ ሥራቸው ይንገሩን፤ የኢትዮጵያ ነርሶች ማኅበርንም ከምረቃ በኋላ ሳይሆን ከአሁኑ እንተዋወቀው።

ለዚህ ሁሉ ታላቅ በጀት አያስፈልግም፤ አንድ ደብተር፣ አንድ አዳራሽና ፈቃድ ይበቃል። ሥራ ሲያገኙ መሪ ለመሆን ያሰቡ ካሉ እንነግራቸዋለን፤ ዛሬ ሌሊት በአንድ ጤና ጣቢያ መስመሩ የማስጠንቀቂያውን ቦታ ያልፋል። ወረቀቱን የያዘው ተማሪ ይናገር።